ማን ይፈርምለታል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ናይሮቢ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የፍርድ ቤት ውሳኔ እንድተረጉምላት ወደ እኔ መጣች። ወረቀቱ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ እንቅልፍ ካጣ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ከቤት ሰው ጋር እንኳ መነጋገር ከተወ ሁለት ወር አልፎታል። የወሰደችው ዘንድ ያለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ልጁን አንድ ጊዜ አየው፤ ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊት ግን ስለ ልጁ ፈቃድ መስጠት የሚችለው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ጠየቀ። አባቱ የሚኖረው በሌላ አገር ነው። በስልክ ሲጠየቅ «ልጄ እብድ አይደለም» ብሎ ዘግቷል። እናቲቱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ ልጁን ፍርድ ቤቱ ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ይኸው ተጽፏል። እንግሊዝኛ ብቻ ያድርጉልኝ» አለችኝ።

በእርግጥም ተጽፏል። «ልጁ ከእናቱ ጋር ይኑር» ይላል፤ አባት በየወሩ ስለሚከፍለው ቀለብና ልጁን ስለሚጎበኝበት ቀን ይዘረዝራል፤ በዚሁ ያበቃል። እኔም ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት፤ ማኅተሜንም አሳረፍኩበት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ሐኪሙ አንብቦት፣ «ይህ ልጁ የት እንደሚያድር ይነግረኛል፤ ስለ ልጁ ማን እንደሚወስን ግን አይነግረኝም» ብሏታል። ያን ዕለት የተናደድኩት በሐኪሙ ነበር። ቆይቼ የሕግ መጻሕፍቱን ስገልጥ ግን ነገሩ ከሐኪሙም ሆነ ውሳኔውን ከሰጡት ዳኛ የቆየ ሥር እንዳለው ተረዳሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ አንዲት ቃል ጎድላ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያችን ቃል ታሪክ መከተል ነው።

ዘመናዊ ሕግ ከመምጣቱ በፊት በደጋው አገር ባልና ሚስት ሲለያዩ ነገራቸው በሽማግሌ ይታይ ነበር። ንብረት ይካፈላሉ፤ የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ጋር ይቆያል፤ ከፍ ያለው ደግሞ እንደ ስምምነቱና እንደ ኑሮው ወደ አንዱ ወገን ይሄዳል። ልጁ የሚጠራው በአባቱ ስም ቢሆንም ርስት በእናትም በአባትም በኩል ይወረስ ስለነበር ሁለቱም ወገኖች «የእኛ ነው» የሚሉበት ምክንያት ነበራቸው። ፍትሐ ነገሥት፣ ማለትም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጻዊው ክርስቲያን ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረውና በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፍ፣ ወላጅ ስለሞተባቸው ልጆች ጠባቂ ይናገራል። ወላጆቹ በሕይወት እያሉ ስለተለያዩበት ልጅ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ዘመድና ሽማግሌ ነበር።

የልጁ አእምሮ የታወከ እንደሆነስ? በሌሊት እየባነነ ሲጮህ፣ ወይም ዝም ብሎ ሲቀር፣ ቤተሰቡ ለነገሩ የሚሰጣቸው ስሞች ዓይነ ጥላ፣ ቡዳ፣ ዛር፣ ልክፍት ነበሩ። አያት ትነሣለች፤ ወይም አክስት፤ የልጁን እጅ ይዛ ወደ ጠበል ትወርዳለች። ደብተራው ክታብ ይጽፋል። ማን ፈቀደልሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ልጁን ይዞ የመጣ ሰው ሥልጣኑንም ይዞ እንደመጣ ይቆጠራል። ይህን የምጽፈው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። በገመድና በሰንሰለት ታስረው የከረሙ ሕሙማን እንደነበሩ ጠበል ቦታዎችን የጎበኘ ሰው ያውቀዋል። ለማለት የፈለግኩት፣ የተለያዩ ወላጆች በልጃቸው የአእምሮ ሕክምና ላይ በወረቀት የሚሟገቱበት ምክንያት አልነበረም ነው፤ ፊርማ የሚጠይቅ አልነበረምና።

ፊርማውን ያመጣው ሆስፒታል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት በሙያው ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። በሩ ለአዋቂው ይህን ያህል ከጠበበ ለሕፃኑ ምን ያህል እንደሚጠብ መገመት አያዳግትም። በዚህም ምክንያት ሕጉ የተጻፈበት ዘመንና ሕጉ በሕፃናት የአእምሮ ሕክምና የሚፈተንበት ዘመን በግማሽ ምዕተ ዓመት ተራራቁ።

ሕጉ የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት የፓሪሱ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ጽሑፉ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለጉዳያችን የሚሆኑ ሁለት ሥፍራዎች አሉ። አንደኛው ቁጥር 20 ነው። ማንም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግግና፣ ይህ መብት ግን አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ አሳዳሪ ልጁን ለጤናው ለሚጠቅም ምርመራና ሕክምና ለማቅረብ ያለውን ሥልጣን እንደማይነካ ያክላል። እንግዲህ የናይሮቢው ሐኪም ጥያቄ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ገና በ1952 ዓ.ም. መልስ አግኝቶ ነበር፤ የሚፈቅደው አሳዳሪው ነው።

ሁለተኛው ሥፍራ ከ600 በላይ ቁጥሮች አልፎ የሚገኘው ቁጥር 681 ነው። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች በፍቺ ጊዜ ስለ ልጆቹ ጥበቃና ቀለብ ሲወስኑ የልጆቹን ጥቅም ብቻ እንዲመለከቱ ያዝዛል፤ ከባድ ምክንያት ካልገጠመ በቀርም ልጁ እስከ አምስት ዓመቱ ለእናቱ እንዲሰጥ ይላል። ሕዝቡ የያዘው ይህችን አምስት ዓመት ነው። «እስከ አምስት ዓመት የእናት፣ ከዚያ በኋላ የአባት» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሕጉ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ለአባት ይሰጥ ብሎ አያውቅም። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው በሚለው በቁጥር 635 ላይ ልማድ ተጨምሮ የሠራው ንባብ ይመስለኛል። እንዲህ ሆኖ ቁጥር 681 በየሰፈሩ ሲጠቀስ፣ ቁጥር 20 መጽሐፉ ውስጥ ተኝቶ ቀረ።

ስለ ቃሉ ጥቂት እንድቆይ አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ሕጉ ልጁንና የልጁን ገንዘብ ለይቶ ለሁለት ሥልጣኖች ሰጥቷል። ስለ ልጁ አካል፣ ስለ መኖሪያው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ አስተዳደጉ የሚወስነው «አሳዳሪ» ይባላል። በገንዘብ ጥቅሙ የሚወክለውና ሀብቱን የሚያስተዳድርለት ደግሞ «ሞግዚት» ነው። አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ ሁለቱንም በአንድነት ይይዛሉ። አከፋፈሉ ጥሩ ነው፤ ቃላቱ ግን ዕድል አልቀናቸውም። ሞግዚት ቀድሞ ትልቅ ቃል ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ሲታመሙ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አገር ያስተዳደሩት በዚህ ስም ነው። ዛሬ ሞግዚት ሲባል የሚታሰበን ሕፃን ልትጠብቅ የተቀጠረች ልጅ ናት። የእንግሊዝኛው ቅጂ በዚሁ ሥፍራ የሚጠቀምበት ቱተር የሚለው ቃልም ለዛሬ አንባቢ የማታ አስጠኚ ማለት ሆኖበታል። አሳዳሪ ደግሞ ከቀድሞም ሌላ ጌታ ነበረው፤ ሎሌ ያለው ሰው፣ ሠራተኛ ቀጣሪው፣ አሳዳሪ ይባላል። እናት የልጇ አሳዳሪ ናት ቢሏት ይከብዳታል፤ ይህ የአሠሪ ቃል ነዋ። ስለዚህ አንደበታችን «አሳዳጊ» ወደሚለው አዘነበለ። ሞቅ ያለ፣ የሚወደድ ቃል ነው። ነገር ግን የሚያሳድግ ሁሉ በሕግ ዘንድ አሳዳሪ አይደለም፤ አያትም ታሳድጋለች፣ ጎረቤትም ያሳድጋል።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። አዋጅ ቁጥር 213 ብዙ አሮጌ ነገር ጠርጓል፤ የባል ራስነት ቀረ፣ የፍቺ ውሳኔ ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጠ፣ የአምስት ዓመቱም ደንብ ከጽሑፉ ጠፋ። አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ወላጆችና ልጆችም እንዴት እንደሚገናኙ አብሮ እንዲወስን ያዝዘዋል። «ጤና» የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። አሳዳሪና ሞግዚትም በቦታቸው አሉ። ክልሎችም እየቆዩ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

ታዲያ ጉድለቱ ከየት መጣ? ከልማድ ነው። በእጄ ካለፉት የፍቺ ውሳኔዎች አብዛኞቹ መኖሪያውን፣ ቀለቡንና የመጎብኛውን ቀን ወስነው ይዘጋሉ። ዳኞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ተከራካሪዎቹ ያላነሡትን ዳኛ ከየት ያመጣዋል? የሚፋቱ ሰዎች ስለ ቤትና ስለ መኪና ይሟገታሉ፤ ልጃቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ዝም ሊል እንደሚችል አያስቡም። የአካል ሕመም ቢሆን ጉድለቱ አይታወቅም። እጁ የተሰበረ ልጅ ሲመጣ ሐኪም የፍቺ ወረቀት አይጠይቅም፤ ማንም ያምጣው ማን ያክመዋል። የአእምሮ ሕመም ግን ደም የለውም፣ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አንዱ ወላጅ ያየውን ሌላው «ጠባዩ ነው» ሊለው ይችላል። ሕክምናው ወራት ይወስዳል፤ መድኃኒትም ሊኖረው ይችላል። የጎደለችው ቃል የምትፈለገው ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ለምን እንደዚያ ጥብቅ እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ የሰውየውን አገር ታሪክ መመልከት ያሻል። ኬንያ የእንግሊዝን ሕግ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1897 እንደነበረው ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ልጅ ለረጅም ዘመን የአባቱ ብቻ ነበር። ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን በ1836 ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወስዶ ሲከለክላት በብዕሯ ተሟገተች፤ በ1839 በወጣው ሕግም እናት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጇን ለማግኘት ፍርድ ቤት መለመን ተፈቀደላት። መለመን ብቻ ነው፤ ያውም ነውር ያልተገኘባት እንደሆነ። የ1925ቱ ሕግ የልጁን ደኅንነት ከሁሉ አስቀደመ፤ እናት ከአባት ጋር እኩል የሆነችው ግን ገና በ1973 ነው። በናይሮቢ ዛሬ ማታሪ ተብሎ የሚታወቀው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በ1910 ተከፍቷል፤ ማለትም ከአማኑኤል በፊት። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 53 ወላጆች ቢጋቡም ባይጋቡም ለልጃቸው እኩል ኃላፊነት አለባቸው አለ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን እኩል ኃላፊነት ማለት ለሐኪሙ ሁለት ፈራሚዎች ማለት ሆኖ ሊታየው ይችላል። እንግሊዞች ይህን አስቀድመው አይተው በ1989ኙ የልጆች ሕጋቸው፣ ሕግ ሁለቱን ካላስገደደ በቀር እያንዳንዱ ወላጅ ያለ ሌላው ብቻውን መወሰን ይችላል ብለው ጽፈዋል። በ1985 ደግሞ የጌቶች ምክር ቤት ጊሊክ በሚባለው ክርክር፣ ጉዳዩ የአእምሮ ሕክምና ባይሆንም፣ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነገሩን በበቂ ሁኔታ ከተረዳ ራሱ ለሕክምና ፈቃድ መስጠት እንደሚችል ወስኗል። በእኛ በኩል ልጁን ራሱን የጠየቀው ማን ነው? የአሥራ አንድ ዓመቱን ልጅ እኔም አልጠየቅኩትም።

በአካባቢያችን ብዙ ሕዝብ የሚዳኝበት የሸሪዓ ሕግም ነገሩን በሁለት ቃላት ለይቶታል። ሐዳና ልጁን አቅፎ ማሳደግ ሲሆን ለእናት ይቀድማል፤ ዊላያ ስለ ልጁ የመወሰን ሥልጣን ሲሆን በመሠረቱ የአባት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱዳን ሕግ ሐዳናን ለወንድ እስከ ሰባት፣ ለሴት እስከ ዘጠኝ ዓመት ወስኗል። በኢትዮጵያም ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ያያሉ። ቃላቱ ከእኛ ልማድ ይልቅ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ሐኪሙ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። አባትየው ባሕር ማዶ ሆኖ ስልክ ሲዘጋ ግን ግልጽነቱ ለልጁ የሚፈይድለት ነገር ጥቂት ነው፤ እንደገና ወደ ዳኛ መሄድ አይቀርም።

ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ከሆነችው ከቴክሳስ የመጡ ውሳኔዎችንም ተርጉሜያለሁ። የዚያ ግዛት የቤተሰብ ሕግ ለአካል ሕክምና የመፍቀድን መብትና ለአእምሮና ለሥነ ልቦና ሕክምና የመፍቀድን መብት በሁለት የተለያዩ መስመሮች ይጽፋል፤ ዳኛውም እያንዳንዱ መብት የአንዱ ብቻ ይሁን፣ የሁለቱም በየፊናቸው ይሁን፣ ወይስ በስምምነት ብቻ ይሠራበት ብሎ ይለያል። መጀመሪያ ሳነበው የሕግ ሰዎች ትርፍ ቃል መስሎኝ ነበር። አሁን እንዲያ አልልም። ሕጉ አንድ ነገር ተገንዝቧል፤ የተለያዩ ወላጆች በልጃቸው አካል ላይ እምብዛም አይጣሉም፣ በአእምሮው ላይ ግን ይጣላሉ።

ለምን እንደሚጣሉ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ልጁ በሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው። ማን እንደጮኸ፣ ማን እንደመታ፣ ማን እንደሄደ ይናገራል። እምቢ የሚለው ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚፈራው መድኃኒቱን ሳይሆን ልጁ የሚናገረውን ነው፤ የሐኪሙ መዝገብ ነገ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብበት ይሰጋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ «እብድ» የምትለዋ ቃል ፍርሃት አለ፤ ዘር ይነካል፣ ትዳር ይከለክላል ይባላል። ግን እምቢ ባይ ሁሉ በዳይ ነው ማለት አልችልም። ልጁን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ወላጅም አንዳንዴ የሚፈልገው ፈውስ ሳይሆን ሌላውን የሚከስበት ወረቀት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ፓርሃም በሚባለው ክርክር ወላጆች ልጃቸውን ወደ አእምሮ ሆስፒታል የማስገባት ሰፊ ሥልጣን እንዳላቸው ሲቀበል፣ መግባቱ ያስፈልግ እንደሆነ ገለልተኛ ሐኪም ይመርምር ያለውም የወላጅ ፊርማ ብቻውን ልጅን ሊጎዳ እንደሚችል ስላየ ነው። ሁለተኛው ፊርማ ለአንዳንዱ ልጅ ጋሻ ይሆናል። ለሌላው ደግሞ የተቆለፈ በር ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት ይቅደም ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በሰጠው አንድ ውሳኔ፣ ልጁን ትቶት የነበረ አባት አባት ስለሆነ ብቻ ካሳደገችው አክስቱ ሊነጥቀው እንደማይገባ ወስኗል። ይህ ውሳኔ ለጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው፤ ሥልጣኑን ከደም አላቅቆ ከልጁ ጥቅም ጋር አያይዞታልና።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። የእናቲቱ ወንድም አዲስ አበባ ላይ በውክልና አቤቱታ አቀረበ። ተጨማሪው ትእዛዝ ተሰጥቶ ናይሮቢ እስኪደርስ ሰባት ሳምንት ፈጀ። የመጀመሪያውን ውሳኔ ስተረጉም የጎደለውን አይቼ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ባተረፍን ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ተርጓሚ የሌለውን ቃል አይጨምርም፤ የለም ብሎ መናገር ግን ይችላል። ትእዛዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እናት የልጁ አሳዳሪ ሆና ስለ ጤናውና ስለ ሕክምናው እንድትወስን ይላል። ጮክ ብዬ ሳነብላት አቋረጠችኝ።

«አሳዳሪ ያሉት እኔን ነው? የራሴን ልጅ?»

«አዎ እህቴ።»

«ለሠራተኛ የሚባል መስሎኝ ነበር» አለች።

ሦስት ቅጂ አስወጣች። አንዱን ለሐኪሙ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ለየች፤ ሦስተኛውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀመጠችው። ልጁ ያን ዕለት አብሯት መጥቶ ነበር። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የማተሚያ መሣሪያውን ድምፅ ያዳምጥ ነበር።